አራስ ልጅ መቼ ፎቶ ይነሳ? ብዬ ጠይቄ የሆነውን ልንገራችሁ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ የውይይት መድረክ ውስጥ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ ገብቶ ነበር። ፍልሰታ ተይዟል፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል፣ እኔ ሆዴ ገፍቶ በየትኛውም ጎኔ መተኛት አቅቶኛል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጁ የመጀመሪያችን ነው። ሐኪሟ የመውለጃ ቀኔን ነሐሴ 20 ብላ ጽፋልኛለች።

የጠየቅኩት ይሄን ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ አዲስ የተወለደ ልጅ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ካልተነሳ ያ መልኩ አይገኝም ይላሉ። አማቴ ደግሞ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ካሜራ የያዘ ባዳ አራስ ቤት ድርሽ አይልም ብለዋል። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ማለት ነው። ጾታውን አላየንም። ስለዚህ ክርስትናው ወይ መስከረም 25 ገደማ ይውላል ወይ ኅዳር 5 ገደማ። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ሲነጋ 11 መልስ ነበረው። በሳምንቱ 36 ደረሰ። ብዙዎች ኢንቦክስ እየገቡ መጨረሻው ምን ሆነ ስለሚሉኝ፣ ያን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ እንድትገላገሉ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ሰዎቹንም በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። አንዳንዱ ባይገለበጥ ይሻላል።

ቁጥር 1 አያት አካባቢ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። የመጀመሪያውን በ8ኛው ቀን፣ ሁለተኛዋን በ45ኛው ቀን ነው ያስነሳቻቸው። ያው ፎቶ ቤት፣ ያው ቅርጫት። የመጀመሪያው ሆዷ ውስጥ እንደነበረው እጥፍጥፍ ብሎ፣ ሲያገላብጡት እንኳ ሳይነቃ ተነሳ። ሁለተኛዋ እግሯን አላጥፍም አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ ፎቶ አንሺውን ስታየው ቆየች፣ ጉንጯ ላይም የአራስ ብጉር ወጥቶባት ነበር። እናትየዋ ግን አብልጣ የምትወደው የሁለተኛዋን ነው። ዓይኗ ይታያላ። ይህን ብላ ምክሯ የቱ እንደሆነ ሳትነግረኝ ወጣች።

ቁጥር 2 ማርያም በሽልም እንድታወጣኝ መርቃኝ ሄደች። አሜን።

ቁጥር 3 ባለሙያ ነው። ጎሮ አካባቢ ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ፎቶ አንሺ። ጽሑፉ ረጅም ነበር፣ ግን እስካሁን ማንም ያላስረዳኝን ነገር አስረዳኝ። ከ5 እስከ 14 የሚባለው ሕግ አይደለም። ከ5ኛው ቀን በፊት የእናትየው ጡት ገና በደንብ ወተት አልያዘም፣ ልጁ ክብደት እየቀነሰ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፣ ፊቱ እብጥ ያለ ነው፣ በምጥ የተወለደ ከሆነ ጭንቅላቱም ሞላላ እንደሆነ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ንቃቱ ይጨምራል፣ እጅና እግሩ ይፍታታል፣ የሆድ ቁርጠት ለቅሶው ይጀምራል፣ ብጉሩም ይመጣል። በሁለቱ መሃል ያለችው ጠባብ ጊዜ ናት የምትፈለገው። ቀኑንም አስቀድሞ አይቆርጥም። በተባለበት ቀን የሚወለድ ልጅ ከ20 አንዱ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ቀብድ ይቀበልና ስትወልጂ ደውይልኝ ይላል። ልብሱን አውልቆ ለሚነሳ ልጅ ክፍሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የዕለቱ ጠዋት ልጁ ቅባት እንዳይቀባም አሳስቧል፣ ፊቱ ያብረቀርቃል።

ጥሩ ጽፎ ጽፎ መጨረሻ ላይ ለዋጋ ኢንቦክስ አለ።

4 እና 5 በዚህች ቃል ተነስተው አራገፉበት። ዋጋ ምስጢር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው፣ ሽንኩርትም በኢንቦክስ ሊሸጥ ነው ወይ፣ ምናምን። እውነት ለመናገር እኔም ያናድደኛል። ግን ክሩ፣ ማለትም የጥያቄና የመልሱ ሰንሰለት፣ የእኔ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ቁጥር 6 አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሰበታ የሚኖሩ፣ ሰባት የልጅ ልጅ ያዩ። እሳቸው የጻፉት እንደ ጥያቄዬ መልስ ሳይሆን እንደ ተግሣጽ ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ከራስጌዋ ብረት አይጠፋም፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ የልጁ ፊት በነጠላ ይሸፈናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ልጁ ከክፉ ዓይን እንዲጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ የማይታወቅ ሰው አስገብቶ ራቁቱን ቅርጫት ውስጥ ከቶ ማስነሳት ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው ብለው ነው የጠየቁት። አማቴን ክሩ ውስጥ ያገኘኋቸው መሰለኝ።

ቁጥር 7 ወጣት ወንድ መሆን አለበት፣ ባይናገርም ያስታውቃል። ኋላ ቀርነት የሚለውን ቃል በአራት መስመር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቀመ። ቁጥር 8 ወዲያው ያዘው። እናቱ በምትሆን ሴት ላይ አፉን ከመክፈቱ በፊት እሱን ራሱን ማን መጋረጃ ጋርዶ እንዳሳደገው እንዲያስብ ነገረችው። ስምንት ሰው ወደደላት። እኔም አንዷ ነኝ።

ቁጥር 9 ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እሷ ነች። የ6ን ሐሳብ በሌላ በኩል አነሳችው። ዓይኑን ትታ ትንፋሹን ያዘች። አራስ ቤት ሰው አይብዛ የሚለው ልማድ ለጨቅላ ልጅ ሳል ከያዘው እንግዳ ጥበቃ ነው፣ ስለዚህ ፎቶ አንሺ ይምጣ ከተባለ ያላሳለው፣ እጁን በሳሙና የታጠበ፣ ብቻውን የሚመጣ ይሁን። በዚያ ላይ አራስ እስከ ክርስትና ከቤት አትወጣም የሚባለውን አርማዋለች። ከወለድን በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ልጁም እናቱም መታየት አለባቸው። እንግዲህ ያ ጊዜ ፎቶ አንሺዎቹ ከሚሉት ቀን ጋር አንድ ነው። ይህን ሳነብ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የጦፈው። ቁጥር 10 ያው ፎቶ አንሺ ተመልሶ፣ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ቢሆኑም እናቶች እንዳይጨነቁ፣ እሱ በኮምፒውተር አስተካክሎ እንደሚያወጣው ጻፈ። ለማጽናናት ነው መሰለኝ። አዋላጇ ግን ቁጥር 11 ላይ አልማረችውም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚመጣና በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋ ቢጫነት ብዙ ልጅ ላይ የሚታይ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ግን፣ ወይም እጅ መዳፍና እግር መርገጫ ድረስ የወረደ፣ ወይም ልጁ ጡት አልጠባ ብሎ እንቅልፍ ካበዛ፣ ፎቶው ይቅርና በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። ልጁንም አምፖል ስር ሳይሆን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ማየት እንደሚገባ ጨመረች። ፎቶውን እንጂ ልጁን ማስተካከል እንደማይችል ለፎቶ አንሺው የነገረችበት አነጋገር ትንሽ ያቃጥል ነበር። እሱ ቁጥር 13 ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋ ሰው ነው።

12ን ዘልዬ ነበር። እሱ በመሃል ገብቶ፣ ለክፍሉ ሙቀት ማሞቂያ መግዛት ሳያስፈልግ ከሰል አያይዞ ማስገባት እንደሚበቃ መከረ። መብራት እንደሁ ይጠፋል፣ አያስተማምንም። ሐሳቡ ቀና ነው። ግን ከ15 እስከ 17 ያሉት ሦስት ሰዎች ያወረዱበት ውርጅብኝ ለጠላትም አይሰጥ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ትልቅ ሰው ተኝቶበት ሳይነሳ ይቀራል፣ እንኳን የስምንት ቀን ልጅ። 16 ጎረቤቷ ላይ የደረሰውን ጻፈች። እሱን አልደግመውም። 12 መልሱን አጠፋ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ቁጥር 14 ተቀምጣለች። በ32ኛው ሳምንት የወለደች እናት ናት። እሷ ስትጽፍ ስለ 5ኛውም ስለ 14ኛውም ቀን የምታወራው ነገር አልነበራትም። ልጇ ማሞቂያ ውስጥ ነበር። ሳምንቱ ሲጨመር ከልብሷ ስር፣ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገው አስታቀፏት። አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ፣ የሱ ጭንቅላት ከእጇ መዳፍ ያንሳል። ነርሷ በእናትየዋ ስልክ አነሳቻቸው። ፎቶው የደበዘዘ ነው፣ የነርሷ ጣት ጥግ ላይ ገብቷል። በኋላ መወለድ ከነበረበት ቀን ቆጥረው ፎቶ ቤት ወስደውታል። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ እንደዚያ ነው የሚቆጠረው፣ 3ም በኋላ አረጋግጦላታል። የፎቶ ቤቱን ዘመድ ሁሉ ያያል። የነርሷ ጣት የገባበትን ፎቶ ግን ለማንም አሳይታ አታውቅም። ለምን እኛ ጋ እንደጻፈችው አልገባኝም። ምናልባት ስለማናውቃት ይሆናል።

ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 18 ክሩን መልሳ አነቃችው። ቤተል የምትኖር ሙስሊም እናት ናት። እነሱ ጋ የሚያጨቃጭቀው 40 ሳይሆን 7 ነው። በሰባተኛው ቀን አቂቃ (ስለ ልጁ የሚደረግ እርድ) ይወጣል፣ ስም ይሰየማል፣ ጭንቅላቱ ይላጫል። የሷ ልጅ ጸጉሩ እስከ ግንባሩ የወረደ ነበር። ባሏ ከመላጨቱ በፊት እንዲነሳ ፈልጎ፣ እሷ ደግሞ ገና ቁጭ ማለት እንኳ አልቻለችም። በመጨረሻ በ6ኛው ቀን ማታ እህቷ በስልክ አነሳችው፣ በ9ኛው ቀን ደግሞ መላጣውን ፎቶ ቤት ወሰዱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅላቸዋለች፣ እንግዳ ሁሉ ሁለት ልጅ ነው ወይ ይላታል።

ከ19 እስከ 24 ስለ መሶብ ነው። አንዷ ቅርጫቱ የፈረንጅ ነገር ስለሆነ በመሶብ ውስጥ ቢነሳ ያምራል አለች። በአገር ባህል ቀሚስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መስከረም ከሆነም አደይ አበባ ተበትኖበት። ሌላዋ እንጀራ የሚቀርብበት ላይ ልጅ ማስቀመጥ ነውር መሆኑን፣ ልጁም ሽንቱን እንደማይቆጣጠር አስታወሰች። አንዱ ሰፌድ ይሁን አለ። ሌላው ሰፌዱስ ምን አደረገ። አደይ አበባውን የነካት የለም፣ ስድስቱም መልስ በመሶብ አለቀ። እኔ በበኩሌ መሶቤን አልሰጥም።

ቁጥር 25 ኮዬ ፈጬ የሚኖር አባት ነው። የጻፈው ሲነበብ ቀላል ነው፣ ሲታሰብ ያሳዝናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የግል ድርጅት ተቀጣሪ አባት ሚስቱ ስትወልድ ያለው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ልጁ 5 ቀን ሳይሞላው እሱ ሥራ ገብቷል። በ9ኛው ቀን ሚስቱና እናቱ ልጁን አስነሱት፣ ፎቶው ውስጥ እሱ የለም። ስለዚህ ምክሩ ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ እንዲውል ነው። ባለቤቴ ይህን ካነበበ በኋላ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዶ ሲቆጥር አመሸ። ገና መቼ እንደምወልድ ሳይታወቅ።

ቁጥር 26 በኦፕራሲዮን የወለደች ናት፣ እንደኔው አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። በ10ኛው ቀን ፎቶ ቤት ሂዱ ስትባል ደረጃውን አስባ አለቀሰች። ፎቶ አንሺውን ቤት አስጠራችው፣ ትራንስፖርት ጨመረችለት፣ በሰላም አለቀ። ለዚህ መልስ 3 ሲመልስ፣ ቤት ድረስ መሄድ እንደሚመርጥ፣ ልጁ የለመደው ሽታና ሙቀት እዚያ ስላለ ቶሎ እንደሚተኛለት ተናገረ። ታዲያ ስቱዲዮውን ለምን ሠራው? አልጠየቅኩትም።

ቁጥር 27 አባት ነው፣ ሊያስቅ ፈልጎ አስደነገጠን። ልጁ አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ የተቀመጠበትን፣ በየቦታው የምታዩትን ፎቶ፣ እቤቱ ራሱ ሊሞክረው ነበር። 3 በአቢይ ፊደል መጻፍ ቢቻል በአቢይ ፊደል ይጽፍ ነበር። ያ ፎቶ አንድ ፎቶ አይደለም። በአንደኛው ጊዜ ረዳቱ የልጁን ጭንቅላት ይይዛል፣ በሁለተኛው ጊዜ የእጁን አንጓ ይይዛል፣ ከዚያ ሁለቱ ተጋጥመው የያዘው እጅ ይሰረዛል። አራስ ልጅ አንገቱን አይችልም፣ ብቻውን እንደዚያ የተቀመጠ ልጅ በምድር ላይ የለም። 28 ሳቀ። 27 ግን አልሳቀም፣ አመስግኖ ወጣ።

29ን ሦስት ጊዜ አንብቤያታለሁ። ልጇ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ስልኳ ውስጥ የመጀመሪያ ወሩ ብቻ ከ200 ፎቶ በላይ አለው፣ በገንፎ ቀን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ፣ እትብቱ የወደቀ ቀን። እሷ ግን የለችም። አንዷ ላይ ክንዷ አለ፣ የሻሽዋ ጫፍ አለ። ሁሌ የምታነሳው እሷ ነበረች፣ ሌላ ሰው ላንሳሽ ሲላት ደግሞ ጸጉሬ አልተሠራም፣ ፊቴ አብጧል እያለች ትከለክል ነበር። አሁን ልጁ ያኔ አንቺ የት ነበርሽ ብሎ ይጠይቃታል። ከሷ በኋላ 30 እና 31 የራሳቸውን ስልክ ፈትሸው ያው መሆኑን ጻፉ። እኔም የእናቴን አልበም አሰብኩ። እኔ አለሁ፣ አባቴ አለ፣ እናቴ የለችም።

32 እና 33 ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ አይለጠፍ ተጨቃጨቁ። 33 ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን ባይ ናት። 32 እንዲህ ከሆነ ክርስትናም አድጎ ይወስን ወይ አለ፣ ከዚያ ጉዳዩ ሃይማኖት ሆነ፣ መድረኩን የሚቆጣጠረው ሰው ሁለቱንም አስቆማቸው።

ከዚያ 34 ላይ፣ ተናደው ሄደዋል ያልናቸው የ6ቷ እናት ተመለሱ። የመጀመሪያ ልጃቸው የ40 ቀን ፎቶ አለቻቸው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ወስደው ያስነሱት፣ በክርስትናው ማግስት፣ አንገቱ ላይ ማተቡ ይታያል። ልጁ ዛሬ ውጭ አገር ነው፣ ራሱ ሦስት ወልዷል። ከ40 ቀን በፊት ያለው መልኩ ግን ጠፍቶባቸዋል። ቢያስቡት ቢያስቡት አልመጣም። 29ን አንብበው ነው የተመለሱት። ስለዚህ ሐሳባቸውን እንዳልለወጡ ገልጸው፣ ባዳ አይግባ፣ ነገር ግን ከቤቱ አንዲት ሴት፣ እጇን ታጥባ፣ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጋ፣ እናትና ልጁን አንድ ላይ ብታነሳ ዓይን አይደርስበትም አሉ። ፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ይደረግ፣ ሲነሳ ይገለጥ፣ ወዲያው ይመለስ። ይህን መልስ ለአማቴ አነበብኩላቸው። ማን ናቸው እኚህ ሴት ብለው ጠየቁኝ። ቁጥር 6 ናቸው አልኳቸው።

35 ፎቶ አንሺው ነው። ሥራ እያመለጠው መሆኑን እያወቀ በስልክ ለምታነሳው ሴት መከራት። ብልጭታው ይጥፋ። ሌንሱ በጨርቅ ይጠረግ። ልጁ ጭንቅላቱ ወደ መስኮቱ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከእግሩ በኩል ሆና የአፍንጫውን ቀዳዳ አታንሳ። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው፣ ጠብቶ ከጠገበ በኋላ። የመስከረም ፀሐይ እስኪወጣ እንድንጠብቅ ያሰብነውንም ተወው አለ። የነሐሴ ደመና ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ለአራስ ፊት ከፀሐዩ ይሻላል። ዋጋ ኢንቦክስ አላለም።

36 ለገንፎ የሚሆን ጥሩ የገብስ ዱቄት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የት እንደሚገኝ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ገብስ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።

ያለነው እዚህ ነው። ለጎሮው ፎቶ አንሺ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ለክርስትናው ዕለት፣ መቼም ይሁን መቼ። ለፊተኛው፣ ለአራስነቱ ፎቶ ደግሞ የባለቤቴ እህት ተመድባለች፣ ከ7ኛው ቀን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከአዋላጇ ቀጠሮ ጋር ካልተጋጨ። ትናንት ፎቶ አንሺው ስልክ ደውሎ የመኝታ ቤታችን መስኮት ወደ የት እንደሚያይ ጠየቀኝ። ተነስቼ አየሁ። ወደ ምሥራቅ ነው፣ ጠዋት ጥሩ ብርሃን ይገባል። አማቴ ለአራስ ቤት ብለው መርካቶ ድረስ ሄደው የገዙት ወፍራም ቡናማ መጋረጃ ግን ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ምስማር ፍለጋ ወርዷል። ሁለት ቦታ ከፍሎ እንዲሰቅለው ነግሬዋለሁ፣ መሃሉ እንዲከፈት።